የፈረስ ሆድ ዝም ሲል

ጋሪዬን የሸጥኩ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናናኝ መጣ። «አብሽር አያ ሰይድ፣ አላህ የተሻለውን ይተካል» እያሉ በረንዳዬ ላይ ሲደረደሩ ለቅሶ የተቀመጥኩ ነበር የምመስለው። ባለቤቴ ዘይነባማ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እኔ ግን ፊቴን አጥቁሬ በሆዴ «ተገላገልኩ!» ነበር የምለው። የሚያጽናና ሰው ፊት መሳቅ ነውር ስለሆነ እስኪሄዱ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘረጋሁና እፎይ አልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ሁለቱን ዓመት ውጫሌ ለአንድ የእህል ነጋዴ ጆንያ ሳመላልስ ነበር፤ የቀረው ዘመኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር አለቀ። አሁን ያንን መንገድ ባጃጅ ወርሶታል። ባጃጅን የሚረግሙ የድሮ ባለጋሪዎች አሉ፤ እኔ አልረግምም። ባጃጅ ሲበላሽ ይንተፋተፋል፣ ይጮሃል፣ ያጨሳል፤ ሕመሙን ደብቆ አይውልም። ባለቤቱም ጋራዥ ለማስገባት የማንንም ፊት አያይም።

ፈረሴ ቦራ ግን አልተሸጠም። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ ያልኩት፤ ስም ማውጣት ላይ ያን ያህል አልራቀቅም። ዛሬ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ እህቴ ግቢ፣ ሣር እየነጨ ጡረታውን ይበላል። እሱ እንዴት በሕይወት እንደተረፈ ለመጻፍ ነው ብዕር ያነሳሁት። ያን ለመጻፍ ደግሞ ሌላ ፈረስ እንዴት እንደሞተ መጻፍ የግድ ነው። ያችን ታሪክ ብዘላት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አሊ የሚባል ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ማንበቡ አይቀርም፣ አሊ ካነበበ ደግሞ መዝለል የለም።

ጋሪ የጀመርኩት ተቀጥሬ ነው። ሐጂ ሙሄ የሚባሉ፣ አምስት ጋሪ የነበራቸው ሰው ቀጠሩኝ። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ እሱን እንለፈው። ሐጂ ደግ ሰው ነበሩ፣ ለሰው። ነጂ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፣ በዒድ ልብስ ያለብሳሉ። ፈረስ ሲታመም ግን መልሳቸው «ሌላ አምጡ» ብቻ ነበር። ፈረስ ለእሳቸው እንደ ጎማ ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ሳይሆኑ ጋሽ አባተ ናቸው። ጋሽ አባተ ከአምባሰል ደጋ ወርደው ሐይቅ የከተሙ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሪ ማቆሚያው ላይ በዕድሜ የሚበልጣቸው አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን ጠዋት የሐጂን ፈረስ ጋሪው ላይ ስጠምድ አዩኝና ቀረቡ።

«ጠየቅኸው?» አሉኝ።

«ማንን ጋሼ?»

«ፈረሱን ነዋ! እንዴት አደርክ አላልከውም?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ፈረሱ ጎን ላይ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ለጠፉ። የጎረቤት ወሬ በግድግዳ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ዞረው በሌላው ጎን ለጠፉ፤ ከዚያ እኔን በክንዴ ጎትተው እንዳዳምጥ አደረጉኝ። ውስጡ ይንጎራጎራል፣ ይንጓጓል፣ አንዳንዴም ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ያለ ድምፅ ያሰማል።

«ካወራ ደህና አድሯል» አሉ። «ዝም ካለ ዛሬ ጋሪ የለም። ውሻ ሆዱን ቢያመው ያስመልሰዋል። ፈረስ የዋጠውን አይመልስም፤ ወይ በኋላው ይወጣለታል ወይ ይገድለዋል። አፍ የለውም። አፉ አንተ ነህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ አባተን እየተከተልኩ የሚያደርጉትን አደርግ ነበር። ፈረሱን ከጋሪ ሲፈቱ ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ ሁሉ በመዳፋቸው ቀስ ብለው ይዳስሳሉ። ከሌላው ገላ ይልቅ የሚግል ቦታ ካገኙ ነገ እዚያ ላይ ገጣባ ይወጣል ማለት ነው፤ ቆዳው ሳይላጥ ዛሬውኑ ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ ይደርቡበታል። ከአንጥረኛ የመጣ ልጓም ብረቱ የፈረሱን ከንፈር ስለሚቆርጠው በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ጠቅልለው ነበር የሚያጎርሱት። ተሳፋሪ አቀማመጥ ላይ ደግሞ ወዮ! ክብደት ወደ ፊት ከበዛ ፈረሱ ጀርባ ላይ ይጫናል፤ ወደ ኋላ ከበዛ የጋሪው ዘንግ ተነስቶ ሆዱ ሥር ያለው ጠፍር ያንቀዋል። ጋሽ አባተ ይህን ለማስተካከል ሲሉ ማንም የማይደፍረውን ይደፍራሉ።

«እሜቴ፣ አንቱ ወደዚህ ፈቀቅ በሉ። አዎ፣ አንቱ። ፈረሴን ከብደውታል።»

ገበያ መሐል! ሴትዮዋ በጥፊ ያልመታቻቸው ሽበታቸውን አፍራ ነው። ለራሳቸው ቢሆን ጋሽ አባተ አፍ የላቸውም፤ ቢገፏቸውም ቢሰድቧቸውም ዝም ይላሉ። ለፈረሳቸው ሲሆን ግን መስጊድ ደጃፍም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ይጮሁ ነበር። እኔ ጆሮ መለጠፉን፣ መዳፍ ማሳረፉን፣ ካላማዳሪያ መጠቅለሉን ሁሉ ተማርኩ። ይህችን አንዷን ብቻ አልተማርኩም። እኔ ይሉኝታ ያሳደገኝ ሰው ነኝ።

የራሴን ፈረስ የገዛሁት ከውጫሌ ስመለስ ነው። መልኩ ዳማ፣ ስሙም ዳማ ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ጆሮው ንቁ፣ ሶምሶማው እናት ያቀፈችውን ሕፃን የሚያስተኛ። እኛ አገር ታዲያ ፈረስ ያለው ሰው አንድ የማይለቀው ግዴታ አለበት፤ ፈረስ ለሙሽራ አይከለከልም። ጋሪ ብትከለክል ሰው ይረሳዋል፤ ሙሽራ በእግሩ ካስኬድክ ግን ልጅህን ስትድር ያነሱብሃል።

የዘይነባ አጎት ልጁን ሲድር ዳማን ጠየቀኝ። የሙሽሪት አገር ከውጫሌ በታች፣ የአምባሰል ዳገት ላይ ነበር። እሺ ካልኩ ወር አልፎ የሰርጉ ቀን ጠዋት ወደ ጋጣው ስገባ ድርቆሹ እንዳለ አለ። ፋንድያው ጥቂት፣ ደረቅ፣ ላዩን ልጋግ የመሰለ ነገር የለበሰ። ዳማ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል፤ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭራል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። በግራም ዝም፣ በቀኝም ዝም።

አወቅሁ። ይህችን ቃል ስጽፍ ዛሬም እጄ ይከብደኛል፤ አላወቅሁም ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው የዘይነባ አጎት ራሱ ነው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያበራል።

«ሰይዶ፣ ፈረሱ ተሰናዳ ወይ? ሙሽራው ቁሞ ይጠብቃል።»

«ትንሽ... ትንሽ ደክሞታል መሰለኝ» አልኩ።

«ኸረ በአላህ! ሲጋልብ ይፍታታል። ፈረስ እኮ የሚያመው ቁሞ ሲውል ነው።»

«ታሟል፣ አይሄድም» ማለት ሁለት ቃል ናት። አልወጣችም። ሰበብ ፈለገ ይሉኛል፤ ዘመድ ናቀ ይሉኛል፤ ዘይነባ በወገኗ ፊት ታፍራለች። ይህን ሁሉ አሰብኩና ልጓሙን አቀበልኩ።

ሙሽራው ቤት ስንደርስ እናቱ በሰፌድ ገብስ ይዛ ወጣች፤ የሙሽራ ፈረስ ባዶ ሆዱን አይወጣም። ዳማ ፊቱን አዞረ። ጨው ነሰነሰችበት፤ ጥቂት ቆረጠመ። «አይብላ» ማለት ነበረብኝ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም ፈገግ አልኩ።

ጋሪ ማቆሚያው ጋ ስናልፍ ባለጋሪዎቹ ሁሉ ለማየት ተነሱ። አሊ እዚያ ነበር። አሊ ሐጂ ሙሄ ዘንድ አብሮኝ የተቀጠረ፣ ክፋት የሚባል የሌለበት፣ አፉ ብቻ ከልቡ የሚቀድም ሰው ነው። ዳማን ከነጌጡ ሲያየው «ይሄ ፈረስ እንዴት ያምራል ጎበዝ!» ብሎ ጮኸ። ማሻአላህ አላለም። እኛ ዘንድ የሰው ልጅ ወይም የሰው ከብት አድንቆ ማሻአላህ ያላለ ሰው ዓይኑ ያደነቀውን ይጎዳል ይባላል። ያን ጊዜ ማንም ልብ ያለው አልመሰለኝም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዳማ ቆመ። አልቦታል፤ ላቡ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሙሽራው በተረከዙ ሲነካው ሁለት እርምጃ ሄደና ተንበረከከ። ሙሽራውን አወረድነው። ዳማ ተኛ፣ ተንከባለለ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተኛ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ሰርገኛው ዘፈኑን አቁሞ ከበበን። ከቀትር በኋላ ሞተ። ሙሽራው የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። የፈራሁት ሁሉ ሆነ ማለት ነው፤ ፈረሴ የሞተው በትርፍ።

«ዓይን ነው» አለ አንዱ። «ያ አሊ ነው የበላው። ማሻአላህ አላለም፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሌላውም ሰምቶ ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን ሳንጨርስ ፍርዱ አለቀ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይኼ ነው። የእከኩ ባለቤት እኔ ዝም አልኩ። እንዲያውም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

በማግስቱ ጋሽ አባተ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አላጽናኑኝም። ሌላው ሰው ሁሉ ስለ ዓይን ሲያወራ እሳቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ጠዋት ሆዱን አዳምጠህ ነበር?»

«አዎ ጋሼ። ደህና ነበር» አልኳቸው።

መሬት መሬቱን እያዩ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ያንን በካላማዳሪያ የተጠቀለለ ልጓም «ለሰይድ ስጡልኝ» ብለው ነበር። ልጓሙን ሳየው ባለቀስኩት ልክ ለእናቴ አላለቀስኩም።

አሊን ማንም ፊት ለፊት አልሰደበውም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በስድብ አይሄድም። ብቻ እሱ ሲመጣ ሰው ፈረሱን ያዞራል፤ አዲስ ውርንጭላ ያለው ሰው ጨርቅ ይጥልበታል። አሊ ራሱም ነገሩን አመነው መሰለኝ፣ የሰው ፈረስ ሲያልፍ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በመጨረሻም ፈረሱን ሸጦ በአህያ ጋሪ ውሃ ማመላለስ ያዘ። በየቀኑ አየዋለሁ፣ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ «ደህና ነህ ወይ አሊ?» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

በመሐሉ ቦራን ገዛሁ፤ አዲስ ፈረስ ስይዝ እንደገና የሰው እጅ ላይ ላለመጣል ምዬ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መሐላ ይሉኝታን አይሽርም። አራተኛ ተሳፋሪ ሲወጣ ውረድ አልልም፤ አንገቴን ደፍቼ እነዳለሁ። ለሰው መናገር ያልደፈርኩትን ሁሉ ለቦራ በሹክሹክታ ነበር የምነግረው።

አንድ ቀን ጠዋት ቦራ ድርቆሹን ሳይነካ አድሮ አገኘሁት። ጎኑን ያያል። ከንፈሩን ወደ ላይ ይሰበስባል። መሬት ይጭራል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። በግራም ዝም፣ በቀኝም ዝም። የአምባሰል ዳገት ዓይኔ ላይ መጣ። የጋሽ አባተን ልጓም አጉርሼ በገመድ እየሳብኩ፣ ሊተኛ ሲል እያስነሳሁ፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ።

ግቢው በበሬና በበግ ተሞልቷል። ያለችው ሐኪም አንዲት ወጣት ብቻ ነች፤ ሐያት ትባላለች። ከንጋት ጀምራ ላም ስታዋልድ ነበርና እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ አሊ ቆሟል። ውሃ የምታመላልስለት አህያ አንክሳበት አምጥቷት ነው። የሰው ከብት እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ሐያት ከሩቅ ቦራን አየችና ከኪሷ እንክብል አወጣች።

«አባባ፣ የትል መድኃኒት ነው። ይስጡትና ነገ ይሽለዋል። ሰሞኑን ፈረሱ ሁሉ ትል ነው ያለበት።»

እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። አዎ፣ ተቀበልኩ! አመስግኜም ነበር። ሦስት እርምጃ ሄጄ ቦራ እግሩን አጥፎ ሊተኛ ሲል፣ የጋሽ አባተ ልጓም አፉ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተመለስኩ።

«ልጄ፣ ትል አይደለም።»

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«ሆዱ ዝም ብሏል።»

«ተራህን ጠብቅ እንጂ!» አለ አንድ ባለበሬ። «ባለጋሪውም ዶክተር ሆነ!» ሲል ሌላው፣ ሁሉም ሳቁ። ሐያትም ወደ በሬው ዞር ማለት ጀመረች። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ገበያ መሐል ሴትዮዋን ፈቀቅ በሉ ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

«አልሄድም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ከፈለጋችሁ ደብድቡኝ። ይህቺ ልጅ ሆዱን ሳታዳምጥልኝ ንቅንቅ አልልም። በሬው እስከ ከሰዓት ይቆያል፤ ይሄ አይቆይም።»

ሐያት ቆመች። አልተቆጣችም። በሐኪም ዓይን አየችኝ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አይተዋል?» አለችኝ።

ይኼ ጥያቄ ነው የመጣብኝ። አሊ አስር እርምጃ ርቆ ቆሟል። አላየሁም ብል እንክብሌን ይዤ እሄዳለሁ። አይቻለሁ ብል የት፣ መቼ ልትለኝ ነው። ቦራ ሌላኛውን ጉልበቱን አጠፈ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። የሰርግ ቀን ጠዋት ልክ እንደዚህ ነበር፤ አልበላም፣ ጎኑን ያያል፣ ሆዱ ዝም ብሏል። ታሟል ማለት አፍሬ ለሙሽራ ሰጠሁት። ዳገት ላይ ሞተ። ሰው ዓይን በላው አለ። ዓይን አይደለም። አሊ ምንም አላደረገም። እያወቅሁ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ባለበሬው በሬውን ወደ ጎን ሳበ። አሊ ከግድግዳው አልዞረም፤ ትከሻው ብቻ ሲወርድ አየሁ።

ሐያት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መጣች። በግራ አዳመጠች። በቀኝ አዳመጠች። እንደገና በግራ። ፊቷ ተለወጠ። የድዱን ቀለም አየች፣ ማስታገሻ መርፌ ወጋችው፣ ረጅም ጓንት አጥልቃ እጇን በኋላው አስገባች።

«እዚህ ጋ የተቋጠረ ነገር አለ፤ ድንጋይ ይመስላል» አለች። «አንጀቱ ተዘግቷል። ደህና አደረጉ አባባ። በአፍንጫው ቱቦ አስገብቼ ዘይትና ውሃ እሰድለታለሁ፤ እንዳይወራጭ ራሱን ግን ጠንካራ ሰው ይያዝልኝ።»

ብቻዬን አልችለውም። ዙሪያውን ተመለከትኩ። ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ከጥግ በኩል ድምፅ መጣ።

«ልያዘው?»

አሊ ነው። ዞሯል፤ ግን አሁንም መሬቱን ነው የሚያየው። «ኸረ እሱ አይንካው!» ብላ አንዲት ሴት ስታጉረመርም ሰማሁ።

«ያዘው» አልኩ። «አሊ፣ በአላህ ያዘው።»

መጣና አንድ እጁን ልጓሙ ላይ፣ አንድ እጁን አፍንጫው ላይ አደረገ። ቱቦው ሲገባ ቦራ ራሱን ሊያነሳ ፈለገ። አሊ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ድሮ ሐጂ ሙሄ ዘንድ ለፈረሶቹ የሚያንጎራጉራትን ነገር ማንጎራጎር ጀመረ። ቃል የላትም፤ ዜማም ብላት ዋሸሁ። ቦራ ግን ሰማው። ሐያት ዘይቱን በእርጋታ አወረደች።

ከዚያ ማዘዋወር ነው። ሐያት «እንዳይተኛ፣ በዝግታ ብቻ» አለችን። እኔና አሊ ቦራን መሐል አድርገን ግቢውን መዞር ጀመርን። ሦስተኛው ዙር ላይ አሊ «አስራ አንድ ዓመት ሰይድ» አለ።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ልጄን እንኳ ትክ ብዬ አላየኋትም» አለ። «ቆንጆ ናት ይሉኛል። ዓይኔን እፈራዋለሁ።»

እዚያ ላይ አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ ሰው እያየኝ። አሊ አላባበለኝም፤ «ፈረሱ መጀመሪያ ይዳን» ብሎ ገመዱን ሳበ። መብቱ ነው።

የዙሁር ሶላት አለፈ። በሬው ታክሞ ሄደ፤ ባለቤቱ ግን አልሄደም፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ሐያት በየመሐሉ እየወጣች ታዳምጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትመለሳለች። የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል ቦራ ቆመ። ጭራውን አነሳ። መጀመሪያ ትንሽ ዘይት መጣ፤ ከዚያ አንድ ደረቅ የፋንድያ ቁራጭ፤ ከዚያ ጉድ ፈላ፣ የተጠማዘዘ ገመድና ፌስታል የተጠቀለለበት ፋንድያ ዱብ ዱብ አለ። ገበያ መሐል የተጣለ ፌስታል በልቶ ኖሯል።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኽኩ። ባለበሬው ከተቀመጠበት ተነስቶ «ተመስገን!» አለ፤ እሱ ደግሞ ክርስቲያን ነው። ሐያት ሮጣ ወጥታ ፋንድያውን ስታይ ለዒድ ሥጦታ የመጣላት ይመስል አጨበጨበች። በፋንድያ እንዲህ ደስ የሚለኝ ቀን ይመጣል ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እብድ ነው እል ነበር። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከሩቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሆዱ ማውራት ጀምሯል። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አሊ ገመዱን መለሰልኝ።

«አፉ ብያለሁ» አለ። «ግን እዚህ የነገርካትን ማቆሚያው ላይም ትናገራታለህ።»

በመጪው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ጋሪ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ተናገርኳት። የዘይነባ አጎትም እዚያ ነበር። ሰማይ አልወደቀም። አንዳንዱ አዘነልኝ፣ አንዳንዱ ሳቀብኝ፣ አንዳንዱ የአሊን እጅ ጨበጠ። ሁሉም አመነ አልልም፤ ከዚያ በኋላም ውርንጭላውን የሚሸፍን ነበር። የዘይነባ አጎት ግን አሊን ቤቱ ጠርቶ ምሳ አበላውና አፉ በለኝ አለው።

ከዚያ በኋላ የነዳሁባቸው ዓመታት ለኔ የሥራዬ ጣፋጭ ክፍል ናቸው። አራተኛ ተሳፋሪ ሲወጣ «ውረድ ወንድሜ፣ ፈረሴ አይችልም» እላለሁ። ተሳድቦ ይወርዳል፤ መውረዱን ግን ይወርዳል። አንድ ሰርግ ላይ ቦራን ሲጠይቁኝ ሰኮናው አብጦ ነበርና «ታሟል፣ አይሄድም» አልኳቸው። ሙሽራው በባጃጅ ሄደ። ለምን ያን ሁሉ ዓመት እንደፈራሁት ገረመኝ። ሐያትም ፈረስ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ሆዱን አዳምጠሃል?» ማለት ለምዳለች፤ ያላዳመጠ ካለ እሷ ራሷ ጎትታ ጆሮውን ታስለጥፈዋለች አሉ። ጋሽ አባተ ቢያዩዋት ይወዷት ነበር።

ጋሪው ሲሸጥ ቦራንም የጠየቀኝ ነበር፤ ከውጫሌ አንድ ጆንያ ጫኝ። ልጆቼም «አባ፣ የማይሠራ ፈረስ ምን ያደርግልሃል?» አሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ቦራ አድርሶኛል። አልሸጥም አልኳቸው፤ ይህችንም ያለምንም ሀፍረት፣ በአንድ ትንፋሽ።

አሁን ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አሊ ባጃጅ ተሳፍሮ አርዲቦ ይመጣል። ልጁ አግብታ ወልዳለች፤ የልጅ ልጁን ፎቶ በስልኩ ያሳየኛል። እኔ ጆሮዬን ቦራ ጎን ላይ ስለጥፍ እሱ አጠገባችን ያለች ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

«ያወራል ወይ?» ይለኛል።

«ይለፈልፋል» እለዋለሁ።

«እንዴት ያምራል!» ይላል አሊ። ትንሽ ይቆያል። እያወቀ ነው የሚቆየው። ከዚያ «ማሻአላህ» ይላል፤ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ እስኪጠግብ ያየዋል።